አያት የሚያርም ኮምፒውተር

"ስህተቴን ንገሩኝ" የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። አለቃዬ ነበሩ። እንዲህ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ምክሬን ስሙ፤ መጀመሪያ ፊቱን እዩ። "ንገሩኝ" የሚለው አፉ ነው። ፊቱ ሌላ ነገር ይላል።

ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። ጂንካ ውስጥ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ቤት ነበራቸው፤ እኔም እዚያ ጽሕፈት አስተምር ነበር። ያኔ አቅም ያለው ሰው ሁሉ አሮጌ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጥቶ፣ ዳንቴል አልብሶ ሳሎን ያስቀምጣል። ለምን ገዛኸው ስትሉት "ለልጆቹ" ይላችኋል። ልጆቹ ካርታ ይጫወቱበታል! ጋሽ መኩሪያ ይህን አይተው አንድ ፕሮግራም ሠሩ። ልጆችን እቤታቸው ፊደልና ሒሳብ የሚያስተምር፣ በሲዲ የሚሸጥ። "የቤት መምህር" አሉት። ሰውየው ሰነፍ አይደሉም፤ ምሳቸውን እንኳ እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ነበር የሚበሉት። ይህን አልክድም።

ሲያልቅ ሰበሰቡንና፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት እናንተ ሞክሩት አሉን። "አትዘኑለት። እንደ ጠላት ፈትሹት" አሉ። ትልቁን ስህተት ላገኘ ደግሞ ፍየል እሸልማለሁ አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። ለካ ፍየሏ ጓሮ ታስራለች፤ በስብሰባው መሃል ጮኸች።

ለሙከራው የማሰልጠኛውን ኮምፒውተሮች ለየቤታችን አዋሱን። የኔን በባጃጅ ወሰድኩት። ሹፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እኔ ስክሪኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ "ቀስ በል!" እላለሁ፤ እሱ "ቀስ ብያለሁ፣ መንገዱ ነው የማይሰማው" ይለኛል።

ባለቤቴ ኦይታ ይባላል። የበና ብሔረሰብ ልጅ ነው። ወይጦ ከተማ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ይሠራል፤ ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ያን ዓርብ እንደመጣ ልጃችንን ሰናይትን መሃላችን አስቀምጠን ማሽኑን ከፈትነው። "እንኳን ደህና መጣህ! ስምህን ከነአያትህ ጻፍ" አለ። ሴት ልጅ "መጣህ" መባሏን አለፍነው። ሰናይት ምላሷን አውጥታ፣ በአንድ ጣቷ፣ "ሰናይት ኦይታ ጊኖ" ብላ ጻፈች።

ማሽኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ በቀይ፦ "ስህተት ተገኝቷል። ተስተካክሏል። ሰናይት ጌታነህ ጌጡ።"

ሳቅኩ። ሰናይት አጥፍታ እንደገና ጻፈች። እንደገና ጌታነህ ጌጡ። ለካ ጋሽ መኩሪያ የሚያውቋቸውን ስሞች አጉረውበት፣ የማያውቀው ሲመጣ የሚቀርበውን አንስቶ ይለጥፋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ኮምፒውተር ያርመዋል ሲባል ግን አልሰማሁም።

"አባዬ፣ ስምህን ተሳስተህ ነው እንዴ የነገርከኝ?" አለች ልጄ።

ያን ጊዜ ሳቄ ቆመ። ኦይታ አልሳቀም ነበር። አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩ "ኦይታ ምን ዓይነት ስም ነው?" ብሎ ግርማ ብሎ መዘገበው። ሰፈር ኦይታ፣ ክፍል ግርማ ሆኖ አደገ። አድጎም ስሙን ለማስመለስ ከቢሮ ቢሮ ተንከራቷል። ይህን አውቅ ነበር፤ እሱ ግን ስለዚህ ነገር ብዙ አያወራም።

"እኔን አንድ ጊዜ አርመውኛል" አለ። "አባቴን ግን ማን አርሙት አላቸው?" ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ሰኞ ተሰበሰብን። አንዱ ባልደረባችን "ችግሩ ውበቱ ብቻ ነው፤ ዓይን ይወስዳል" አለ። ሌላዋ፣ ልጆቿ ከማሽኑ ተነሱ ቢባሉ እንዳለቀሱ ተናገረች። ከሐመር የመጣው የጥገና ባለሙያችን ተሾመ "ጥሩ ነው" ብሎ አንገቱን ደፋ። ጋሽ መኩሪያ ፈገግ ብለው፣ እንግዲህ ፍየሏን ቅዳሜ በፕሮግራሙ ምረቃ ላይ እንበላታለን አሉ። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉናል አይደል? ወርቁን ማን ይዞት እንደሚሄድ ግን አይነግሩንም።

እጄን አወጣሁ። የሆነውን ተናገርኩ።

የጋሽ መኩሪያ ፊት ተለወጠ። "አስቴር፣ ይሄ ስህተት አይደለም፤ ልዩ ሁኔታ ነው" አሉ።

"ጋሽ መኩሪያ፣ እዚህ ጂንካ ላይ ልዩው ማነው? የኔ ልጅ ናት ወይስ የእርስዎ ጌታነህ?"

"ቅዳሜ እንግዳ ጠርቻለሁ! ለአንድ ስም ብዬ ሥራዬን ላፍርስ?"

"አያፍርሱ። እኔ ግን በዚህ ነገር አላስተምርም። ጥሩ ነውም አልልም።"

"እንግዲያው ቤትሽ ተቀመጪ!" አሉኝ።

"እቀመጣለሁ" አልኩ፤ ቦርሳዬን አነሳሁ። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው። በሩ ጋ ስደርስ ተሾመ ከኋላዬ ተናገረ። እንዲያውም አጉረመረመ ብል ይሻላል።

"የኔንም አባት፣ ባርጊን፣ ባህሩ ብሎታል።"

ጋሽ መኩሪያ ዞሩ። "ታዲያ አሁን ጥሩ ነው አላልክም?"

"ለምጄዋለሁ" አለ ተሾመ።

ይቺ "ለምጄዋለሁ" ከኔ ጩኸት ሁሉ በለጠች። ጋሽ መኩሪያ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እልኸኛ ናቸው እንጂ። ተሾመን አዩት። ብዙ ዘመን አብሯቸው ሠርቷል፤ እሳቸው ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ያስታመማቸው እሱ ነው። "እኔ ጋ ሆነህ ለመድከው?" አሉት፤ ድምፃቸው ወረደ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና "የቅዳሜው ቀርቷል። አንቺም ተመለሽ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ። ይቅርታ አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም።

ፍየሏስ? ወሰድኳታ! ሴት ልጅ እንዲህ ስትሆን ይደብራል ያሉኝ ነበሩ፣ ብትተዪላቸው ምናለበት ያሉኝም ነበሩ። ለምን ብዬ? ይሉኝታ ስንቱን ሲያስርብ አይቻለሁ። ከተሾመ ቤተሰብ ጋር እሁድ በላናት፤ ኦይታም ዱለቱን በእጁ ሠራ።

ፕሮግራሙ ተስተካክሎ ወጣ። ማንንም ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ አይመክርም፤ የተጻፈለትን ተቀብሎ ወደ ፊደሉ ይሄዳል። ራቅ ወዳለችው ካንጋተን እንኳ የወሰዱት አሉ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ መኩሪያ ሁለተኛ ፕሮግራም ሠሩ፤ መዝገበ ቃላት። ሰበሰቡንና፣ እንደ ልማዳቸው፣ አስተያየት ያለው አሉ። እኔ ገና እጄን ሳላወጣ ተሾመ አወጣ። ያ "ዓይን ይወስዳል" ያለው ሰውዬ አወጣ። ልጆቿ ያለቀሱባት አወጣች። ዘበኛው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ "እኔም አለኝ" አለ። ስብሰባው ምሳ ሰዓትን አልፎ ሄደ፤ ጋሽ መኩሪያ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ እነዚህን ልጆች" አሉኝ።

"አዎ" አልኳቸው። "ገና ምን አዩ፤ የኔ ተራ አልደረሰም።"