እናቱ ዛፍ፣ አባቱ ፋብሪካ

ሰው ሰላም ሲሉ እጁን ትተው እጅጌውን የሚጨብጡ አንዲት እመቤት በየሰፈሩ አይጠፉም። የኛዋ «ክብርት ዳሳሽ» ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ብትን ጨርቅ ሲሸጡ ስለኖሩ ጣታቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ያያል። ሐዘንተኛ አቅፈው እያለቀሱ አንገትጌውን ይፈትሻሉ። ሐኪሙ እሳቸውን ሲመረምር እሳቸው ጋውኑን ይመረምራሉ።

የልባቸው ጨርቅ ቪስኮስ ነው። «እናቱ ዛፍ፣ አባቱ ፋብሪካ!» ይላሉ፣ የመሳፍንት ዘር እንደሚቆጥር ሰው ቀና ብለው። ግንዱ ይፈጫል፣ በኬሚካል ይሟሟል፣ እንደ ማር ሲዝለገለግ በደቃቅ ቀዳዳ ይጨመቅና ክር ሆኖ ይወጣል። «እንደ ሐር ያበራል፣ እንደ ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ገላ ላይ ፍስስ ይላል። ብቻ ውሃ ሲነካው አቅም ያንሰዋል፣ ምስኪን!» የተጠራጠረ ካለ ክር መዝዘው ያቃጥላሉ፤ ፀጉር ፀጉር ከሸተተ ሐር፣ ወረቀት ወረቀት ከሸተተ ዛፍ። የእህታቸው ልጅ የሠርግ ቀሚስ ከጫፉ ጎድሎ የቀረው በዚህ ምርመራ ነው።

በዚህ ሁሉ የምትሳቀቀው ልጃቸው ናት። የእጮኛዋ እናት ቤታቸውን ሊያዩ የመጡ ቀን ጭንቀቷ ጣሪያ ነካ። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ ዳይሬክተር፣ ኮስታራ፣ በሐር ቀሚሳቸው የታወቁ ናቸው። እሳቸው ካልወደዱ ጋብቻው አበቃለት።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ እጅሽን ሰብስቢ!»

«ምን በወጣኝ! የሰው ልብስ ምኔ ነው?» አሉና ክብርት ዳሳሽ እጃቸውን ጭናቸው ስር ከተው ተቀመጡ።

እንግዳዋ ገቡ። ቀሚሱ ያብረቀርቃል። የክብርት ዳሳሽ ትከሻ እንቅጥቅጥ ቢልም እጃቸው ከቦታው አልተነሳም። ይኼኔ አብሯቸው የመጣው የልጅቷ እጮኛ ውሃ ሲቀዳ ብርጭቆውን እናቱ ጭን ላይ ደፋው፤ ደንግጦም በፎጣ ይፈትግ ጀመር።

«አትሸው! ሲረጥብ ይቀደዳል!»

የክብርት ዳሳሽ እጅ ከጭናቸው ስር ወጣ። እንግዳዋን መኝታ ቤት አስገብተው የራሳቸውን ቀሚስ አለበሷቸው። የረጠበውን ሳይጨምቁ በደረቅ ፎጣ ጠቀለሉ፤ እርጥበቱ ሳይለቀው ከውስጥ በኩል ለብ ባለ ካውያ ዳበሱት። ቀሚሱ ከገባበት አምሮ ወጣ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት!

«እኔ እምልዎ፣ ይሄ ሐር አይደለም እኮ። እናቱ ዛፍ…»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። በልቧ ቀለበቱን አውልቃ መለሰች።

«ማን ነገረዎት?» አሉ እንግዳዋ ቀስ ብለው።

«ጣቴ።»

እንግዳዋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ? አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አይደለም ስለው ሐር ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ! እናንተም እሱን አመናችሁ!» ይህን ብለው ሁለት ጣታቸውን ዘረጉና የለበሱትን የተውሶ ቀሚስ እጅጌ አሹ። «ይሄንንስ ምን ነው ይሉታል?»

«ንጹሕ ጥጥ!»

«ግማሹ ፖሊስተር ነው።»

ክብርት ዳሳሽ ደርሰው ዳሰሱት። ደገሙት። «ጉድ ሆንኩ! እውነትዎን ነው!» ብለው ሴትዮዋን እቅፍ አደረጓቸው።

ልጅቷ እየሳቀች ዕንባዋ መጣ። ስታፍርበት የኖረችው ጣት ዳራት። ለመጀመሪያ ጊዜም በእናቷ ኮራች።

«ታዲያ ሠርጉ መቼ ይሁን?» ብሎ እጮኛዋ ጠየቀ። ሁለቱ እናቶች መጋረጃውን ግራና ቀኝ ይዘው እየተሟገቱ ነበር።