የሦስት ቀን ዶክተር

ሶዶ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ምን መሆን እንደሚፈልጉ ስጠይቅ የክፍሉ ግማሽ ዶክተር ነው። ወባ ሲይዛችሁ ግሉኮስ የሰካላችሁ ማን ነው ስላቸው «ነርስ» ይላሉ። ነርስ መሆን የሚፈልግስ? ያኔ ሁሉም ደብተሩ ላይ ያቀረቅራል፤ የረገምኳቸው ነው የሚመስለው። ወንዶቹማ ጭራሽ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ ይስቃሉ።

የእህቴ የአስቴር ልጅ ታምራት ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነርሲንግ ደረሰውና ሳምንት ሙሉ አኮረፈ። ከዚያ እናትና ልጅ ተመካክረው ለጠየቃቸው ሁሉ «ጤና ነው» ማለት ጀመሩ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ጤና የሚማር ሁሉ ዶክተር ነው። ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቱን ጨርሶ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ሲመጣ «ዶክተር መጣ» ተባለ፤ አላረመም። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔም አላረምኩም። የዶክተር አጎት መባል ደስ ይላል።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ዳና የክኒን ፌስታላቸውን አንጠልጥለው መጡ። ደም ግፊት አለባቸው።

«ዶክተር፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክኒኑን አንድም ቀን እንዳይዘሉ ብላኛለች። ነርስ ምን ታውቃለች? በሬው ነገ ይታረዳል፤ ሥጋና ክኒን ደግሞ አብሮ አይሄድም። በዓሉ እስኪያልፍ ልተወው?»

«አይተዉም» ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ነገሩ ባማረ። ዶክተር ካለማ ይሰማሉ። ነርስነቱን ካወቁ ግን ክኒኑን ጥለው ቁርጡ ላይ እንደሚሰፍሩ እሱም እኔም እናውቃለን። ዋሽ፣ ዋሽ እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። የልጁ ፊት ግን ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ እኔም የምማረው ነርሲንግ ነው» አለ። «እሷ ያለችዎት ልክ ነው። መተው አይቻልም።»

ጋሽ ዳና አንዴ እሱን፣ አንዴ አስቴርን አዩ። አስቴር መሬት መሬቱን አየች። «እንግዲያው ሌላ ሰው እጠይቃለሁ» ብለው ወጡ። በጣም ተናደድኩ፤ ሰውዬው አንድ ነገር ቢሆኑስ?

በማግስቱ ሥጋው ሲከፋፈል ታምራት የለም። በነጋታውም ጠዋት የለም። ለካስ በየማለዳው የግፊት መለኪያውን ይዞ ጋሽ ዳና ቤት ይሄዳል። ክንዳቸውን አስሮ ይለካል፣ ቁጥሩን ለሚስታቸው ይነግራል፣ ክኒኑን እስኪውጡ ውሃ ይዞ አጠገባቸው ይቆማል። ሲውጡም አያምናቸውም፤ አፍ ያስከፍታቸዋል።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ጋሽ ዳናን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ጤናቸው አምሮባቸዋል፤ ፊታቸው ግን ተኮሳትሯል።

«ያ የእህትህ ልጅ» አሉኝ፣ «ዶክተር ቢሆን ኖሮ እኮ አንዴ ተናግሮ ይተወኝ ነበር።»