ሊቀ ጥቅስ ገመዳ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ጥቅስ ጠያቂ አይጠፋም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ በስካይዌይ ሰፈራችን፣ እሱ ጋሽ ገመዳ ናቸው። "ምዕራፍና ቁጥር!" ይላሉ፤ ሰባኪም ሆነ ሐኪም አይምሩም። ፓስተሩ የሠርግ ኬክ ሲባርክ እንኳ ከኋላ ወንበር "የት ተጽፏል?" ብለው ሙሽሪትን አስደንግጠዋል። ጎረቤት ከተማ ኬንት ካሉት ቸርቾች ሁለቱ በሰላም ሸኝተዋቸዋል ይባላል።

ሶዶ በሚባለው የከተማችን የፋብሪካ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ አብራቸው የምትሠራው እናኑ ኦርቶዶክስ ናት። መኪና ስለሌላት ጠዋት ጠዋት ራይድ የሚሰጧት እሳቸው ናቸው። ጉዞው ግን ጉባኤ ነው።

"የእናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ሰማንያ አንድ፣ የእኛ ስድሳ ስድስት። ትርፉ ከየት መጣ?"

"እናንተ ናችሁ የቀነሳችሁት፣ ጋሼ! ደግሞስ መጽሐፉን ጠብቀው ያቆዩልን አባቶች አይደሉም? ትርጓሜውንም ከእነሱ ነው የምንሰማው።"

"አባቶችም ቢሆኑ በመጽሐፉ ይመዘናሉ!"

"መዛኙ እርስዎ ነዎት?"

ሶዶ እስኪደርሱ ማንም አያሸንፍም።

ከዚያ የእናኑ ታላቅ ወንድም አገር ቤት ሞተ። ጋሽ ገመዳ ለቅሶ መጥተው አንድም ጥቅስ ሳያነሱ ተቀመጡ። አርባው ሲደርስ ግን እናኑ አልነገረቻቸውም። ለሞተ ሰው መጸለይ መጽሐፉ ላይ የለም ብለው ስንቴ ተከራክረዋታል! በዚያ ቀን ያንን ለመስማት አቅም አልነበራትም።

እሑድ ማለዳ ድፎ ዳቦዋንና የወጥ ድስቷን ይዛ አውቶቡስ ስትጠብቅ የጋሽ ገመዳ መኪና አጠገቧ ቆመች።

"እና ድስት ተሸክመሽ በባስ ልትሄጂ ነው?" ብለው ተቆጡ። "ግቢ!"

"ጋሼ፣ የምሄደው እኮ..."

"አውቃለሁ። ቀኑን ስቆጥር ነበር። አልስማማም፤ ግን ግቢ።"

አድርሰዋት ይመለሳሉ ስትል ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ተከትለዋት ገቡ። ከወንዶቹ ጋር ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሙ። ቄሱ የወንድሟን ስም ሲጠሩ፣ ጋሽ ገመዳ አንገታቸውን ደፍተው አየቻቸው። ድስቱን ወደ አዳራሹ የተሸከሙትም እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ውስጥ ትንፍሽ አላሉም። ሐዘኗን ማክበራቸው እንደሆነ ገብቷታል። ግን ግማሽ መንገድ ሲሄዱ ዝምታው አላስችል አላት።

"ጋሼ፣ ቅዳሴው እንዴት ነበር?"

ጋሽ ገመዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እውነቱን ልናገር፣ ብዙው ንባብ ከመጽሐፉ ነው። አንድ ሁለት ቦታ ላይ ግን..."

"የቱ ጋ?" አለች እናኑ፣ ቀበቶዋን አላልታ ወደ እሳቸው እየዞረች።

ከሐዘኗ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያላት ያን ጊዜ ነው። መጋዘኑ በር ላይ ሞተሩ ጠፍቶም ማናቸውም አልወረዱም።