ሊቀ ማብራሪያ ባባ ምሼንጉ እና የማይረገጠው በረት

በዚህ ዓለም ሰውን ግራ የሚያጋባው የማያውቅ ሰው አይደለም፤ አስረድቶ የማይጠግብ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የኛው፣ የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ዳር ያለችው የኡምላዚ ሊቀ ማብራሪያ፣ ባባ ምሼንጉ ይባላሉ።

ፊደል የለየሁት በስተርጅና ነውና ግራ መጋባት ለእኔ እንግዳ አይደለም። የእሳቸው ግን ይለያል። የሚሠሩት ኤች አይ ቪ በሰውነት ውስጥ የት እንደሚደበቅ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ነው። ጥናቱን ለሰፈሩ ማስረዳት እንጀራቸው ቢሆንም፣ በሠርግም በቀብርም ያስረዳሉ። “በሌላ አነጋገር” ካሉ አለቀልን፤ የገባንም ይጠፋናል። በጎረቤቴ ቀብር ላይ ንፍፊት፣ ያ የአንገትና የብብት ሥር ዕጢ፣ ምን እንደሆነ ሊያሳዩኝ ከሳህኔ ድንች አንስተው ለሁለት ከፈሉት። ሲጨርሱ በሉት።

ባለፈው ቅዳሜ ግን እኔው ራሴ አስጠራኋቸው። ጎጎ፣ አያቴ እያለች የምትጠራኝ የልጅ ልጄ ሎንዲዌ የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ልታቆም ነው። እናቷም “ደህና ነኝ” ብላ ነበር የተወችው፤ ቀበርኳት።

“ጎጎ፣ ሐኪሞቹ ደሜ ውስጥ ምንም ቫይረስ አልታየም ብለውኛል። ለሌለ ነገር ምን ብዬ ክኒን እውጣለሁ?” አለች ሎንዲዌ፣ ብልቃጡን ገፋ አድርጋ።

ባባ ምሼንጉ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። “ልጄ፣ ደምሽ መንገድ ነው፤ ንፍፊትሽ ደግሞ የታክሲ መናኸሪያ። ሌባው ተሳፋሪ መስሎ ተቀምጧል።”

“ደርባን የሚሄደው ታክሲ ውስጥ?” አልኩ።

“አይ ጎጎ! በሌላ አነጋገር፣ ንፍፊት ግቢ ነው። በግቢው መሀል በረት አለ። ቫይረሱ በረቱ ውስጥ፣ የቤቱ ሰው በሆኑ ሴሎች ውስጥ ተደብቋል። ቫይረስ የሚያጠፉት ገዳይ ሴሎቻችን ግቢውን ሞልተውታል፤ በረቱ ውስጥ ግን እንደ ልብ አይገቡም። ልክ እርስዎ ምራት ስለሆኑ በባህላችን የባልዎን ቤተሰብ የከብት በረት እንደማይረግጡት።”

“እና ገዳዩ እኔ ነኝ?”

“በምሳሌ ነው እንጂ!”

“አርባ ዓመት አንገቴን ደፍቼ ኖሬ በመጨረሻ ገዳይ ልባል?”

ሎንዲዌ በሳቅ ፍርስ አለች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። “እሺ ባባ፣ ገዳዮቹ ካልገቡ የበረቱን በር ማን ይዞታል?”

“መድኃኒቱ። መድኃኒቱን ከተውሽው ቫይረሱ ይወጣል።”

“ገዳዮቹስ አንድ ቀን ይገቡ ይሆን?”

አፋቸውን ከፈቱ። እኔም ለ“በሌላ አነጋገር” ራሴን አዘጋጀሁ።

“አላውቅም ልጄ” አሉ። “ማንም ገና አያውቅም። ከንፍፊታችሁ ቆንጥራችሁ ስጡን እያልን ደጃችሁን የምንጠናውም ለዚሁ ነው።”

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞሩት ጀመር። ሎንዲዌ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ብልቃጡን ወደ ራሷ ሳበችና ክኒኗን በእርጎ ዋጠች።

በረቱም፣ ታክሲውም፣ የራሴ ገዳይነትም እስከ ዛሬ አልተለየልኝም። ያን ቀን ግን የሰውየው ዝምታ አስጨነቀኝ። ከድስቱ አንድ ድንች አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩላቸው።

“ይልቅ ባባ” አልኳቸው፣ “በሌላ አነጋገርስ?”