ሁለት ወንበር በሳን ሁዋን ወንዝ ዳር

(ሳን ሁዋን ወንዝ ዳር፣ ቀይ ገደል ሥር። በገደሉ ወገብ ላይ የጥንት ሰዎች የሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች አሉ፤ ባዶ መስኮታቸው ወንዙን ያያል። እዚህ ቧንቧ የለም፣ መብራት የለም፣ ሽንት ቤት የለም። ሊሰፍር የመጣ ሰው ሁሉን ይዞ ይመጣል፣ ሁሉን ይዞ ይመለሳል። ሁሉን ማለት ሁሉን ነው፣ ከሆዱ የወጣውንም ጭምር፤ ለእሱም የሚሆን ክዳኑ የሚጠብቅ የብረት ሳጥን ይዞ መምጣት ግዴታው ነው።

ሁለቱም ሰዎች ናቫሆ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናቸው። ኤመርሰን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አርባ ስድስት ዓመቱ፣ ላጤ። የማያውቀው ነገር ካለ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረም። ዴልበርት አውቶቡሱን የሚጠግነው መካኒክ ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት አራት ዓመት ሆኖታል። አንዲት ቃል እስኪያወጣ ድረስ፣ የማይነሳ ሞተር እንደሚያስነሳ ሰው፣ ሦስት አራት ጊዜ ይሞክራል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። የበግ ሥጋው እሳት ላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች ቁርጥ አንድ የሚመስሉ ሁለት አረንጓዴ ሳጥኖች ፊት ቆመው ይጨቃጨቃሉ።)

ዴልበርት፦ እና ዳቦው ያለው የቱ ውስጥ ነው?

ኤመርሰን፦ ስንት ጊዜ ልንገርህ? ቀይ ገመድ የታሰረበት የምግብ ነው፤ ያልታሰረበት የዚያኛው ነው።

ዴልበርት፦ ሁለቱም ላይ ገመድ የለም።

ኤመርሰን፦ ማን ፈታው?

ዴልበርት፦ አንተ። ድንኳኑን ልትወጥርበት።

ኤመርሰን፦ (ወደ ድንኳኑ ያያል። ቀይ ገመዱ ተወጥሯል።) ነፋስ ሲመጣ ምን ላድርግ ታዲያ? ለማንኛውም በክብደት ይለያል። የምግቡ ይከብዳል።

ዴልበርት፦ ትናንት ይለይ ነበር። ዛሬ ተቀራርበዋል።

ኤመርሰን፦ እንግዲያው ከፈት አድርገህ አሽት።

ዴልበርት፦ አንተ አሽት። አዋቂው አንተ ነህ።

ኤመርሰን፦ እኔ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ እንግዳ ተቀባይ አያሸትም። ተወው፣ በኋላ ይደረስበታል። አሁን ና፣ ወንበሮቹን እናዘጋጅ። ቬርና አስር ሰዓት ላይ ትደርሳለች።

(ቬርና እነዚያን የጥንት ቤቶች የምትጠብቅ ሴት ናት፤ በጀልባ ወንዙን እየወረደች፣ ሰፋሪዎችን እያየች ታልፋለች። ሰኞ ዕለት፣ የሰፈራ ፈቃድ ሲያወጡ፣ ኤመርሰን ቢሮው ውስጥ አያትና ከዚያ ወዲያ ምሳውም እራቱም እሷ ሆነች።)

ዴልበርት፦ ስለ ቬርና አንድ ነገር…

ኤመርሰን፦ ቆይ። አንዱን ወንበር እዚህ፣ ጥላው ላይ። ይሄ የእሷ ነው። ሌላውን ከአጠገቡ። ይሄ የኔ ነው።

ዴልበርት፦ እኔስ?

ኤመርሰን፦ አንተ ያ ድንጋይ ላይ። ድንጋይ ለወገብ ጥሩ ነው።

ዴልበርት፦ ወገቤን አያመኝም።

ኤመርሰን፦ እንዳያምህ ነዋ።

ዴልበርት፦ (ድንጋዩን ይሞክራል፤ ይነሳል።) የድንኳኑ በር ለምን ወደ ወንዙ ሆነ? በር ወደ ምሥራቅ ነው የሚከፈተው። ድንኳንም ቢሆን ቤት ነው። ጠዋት ፀሐይዋን ማን ይቀበላታል?

ኤመርሰን፦ ፀሐይ በየቀኑ ትመጣለች፤ ቬርና ግን ዛሬ ብቻ ናት። ከጀልባዋ ላይ ቀና ስትል የተነጠፈውን ብርድ ልብስ፣ የተሰቀለውን ፋኖስ ትይ። ይሄ ሰውዬ ቤት ያውቃል ትበል።

ዴልበርት፦ ፋኖሱ የኔ ነው።

ኤመርሰን፦ እሷ ይህን በምን ታውቃለች?

ዴልበርት፦ ስሜ ተጽፎበታል። ግን ስለ ቬርና ልነግርህ የፈለግኩት…

ኤመርሰን፦ ቆይ አልኩህ። ስጦታዋን ላሳይህ። (ከደረት ኪሱ ጥቁር መስመር የተሣለበት የሸክላ ስባሪ ያወጣል።)

ዴልበርት፦ (ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።) ከየት አመጣኸው?

ኤመርሰን፦ ከላይ፣ ከመጀመሪያው ቤት።

ዴልበርት፦ የሙታን ቤት ገባህ?

ኤመርሰን፦ አልገባሁም። ደጃፉ ላይ ሆኜ እጄን ብቻ ነው ያስገባሁት።

ዴልበርት፦ እጅህ እና አንተ የት ነው የምትለያዩት?

ኤመርሰን፦ አትንዘባዘብብኝ።

ዴልበርት፦ እናቴ ብትሰማ ከአንተ ጋር ከአንድ ድስት አታስበላኝም ነበር። ደግሞ እኮ ቬርና የምትጠብቀው ይህንኑ ነው። ከቬርና ሰርቀህ ለቬርና ልትሰጥ ነው?

ኤመርሰን፦ ስርቆት የሚባለው ሌላ ሰው ጋ ሲሄድ ነው። ይሄ ከእሷ ወጥቶ እሷው ጋ ይገባል። እኔ መንገድ ነኝ።

ዴልበርት፦ ሰኞ ዕለት ምን አለች? "ከዚያ ጠጠር የነካ ሰው ፖሊስ ያነጋግረዋል" አላለችም?

ኤመርሰን፦ አልሰማሁም።

ዴልበርት፦ እንዴት ትሰማለህ፤ እያወራህ እኮ ነበር።

(ኤመርሰን ስባሪውን ያያል፣ ገደሉን ያያል፣ ሰዓቱን ያያል። ከዚያ እየተነጫነጨ ገደሉን ይወጣል። ዴልበርት በትር ይዞ ሥጋውን ያገላብጣል። ኤመርሰን ጉልበቱ ተልጦ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ ይመለሳል።)

ዴልበርት፦ ያነሳህበት ቦታ ነው የመለስከው?

ኤመርሰን፦ እዚያው ላይ ነው የመለስኩት። ይቅርታም ጠይቄአቸዋለሁ። (ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል።) ስማኝ ዴልበርት፣ ቀልዴን አይምሰልህ። በየቀኑ አርባ ልጅ በየደጁ አደርሳለሁ። ሁሉም በር ላይ የሚጠብቅ ሰው አለ። አርባኛውን አድርሼ ቤቴ ስገባ "መጣህ ወይ?" የሚለኝ የለም። እናቴም አርጅታለች፤ ዓይኔ ሳይጠፋ ሚስትህን አሳየኝ ትለኛለች። እኔ እቺን ሴት ማግባት እፈልጋለሁ። ዛሬ ከተበላሸብኝ ሌላ ቀን ያለኝ አይመስለኝም።

ዴልበርት፦ አውቃለሁ። እኔም ባዶ ቤት ነው የምገባው።

ኤመርሰን፦ አንተስ ለምደኸዋል።

(ዴልበርት እሳቱን ይቆሰቁሳል። ማለት የፈለገው ነገር ነበር፤ ግን ገና አልተነሳለትም።)

ኤመርሰን፦ በል አሁን እንለማመድ። አንተ ቬርና ሁን። ከጀልባ ወርደህ መጥተህ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጥ።

ዴልበርት፦ ወንበሩ ላይ?

ኤመርሰን፦ ለልምምድ ነው፤ አትደላደል።

(ዴልበርት ወደ ውሃው ወርዶ ይመለሳል፤ እንደ ሴት ለመቀመጥ ሞክሮ እንደ መካኒክ ይቀመጣል።)

ኤመርሰን፦ እንኳን ደህና መጣሽ ቬርና። እኔ ኤመርሰን ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሰው ሳልገጭ ነድቻለሁ።

ዴልበርት፦ ጎሳህ ማን ነው?

ኤመርሰን፦ ምን?

ዴልበርት፦ ቬርና ናት የጠየቀችህ። በእናትህ ማን ነህ፣ በአባትህ ማን ነህ?

ኤመርሰን፦ እሷ የተማረች ናት፤ እንዲህ ብላ አትጀምርም። ስለ አየሩ ነው የምታወራው። አንተ ስለ አየሩ በል።

ዴልበርት፦ አየሩ ደስ ይላል። ጎሳህ ማን ነው?

ኤመርሰን፦ እሺ። በእናቴ የጭቃ ጎሳ ነኝ፤ በአባቴ የጨው ጎሳ ነኝ።

ዴልበርት፦ እኔ ደግሞ በእናቴ ጨው ነኝ።

ኤመርሰን፦ እንዴት ነው የምትጫወተው አንተ ሰውዬ? ከራስህ አትፍጠር።

ዴልበርት፦ አልፈጠርኩም። ሰኞ ዕለት የነገረችኝ ነው።

(ሥጋው ይንጫጫል።)

ኤመርሰን፦ የነገረችህ? ቬርና? በእናቷ ጨው?

ዴልበርት፦ ጨው። ከእናቷ፣ ከእናቷም እናት። የአባትህ ወገን ናት። አትጋቡም።

ኤመርሰን፦ ቆይ፣ ቆይ። አባቴ ጨው ላይሆንም ይችላል።

ዴልበርት፦ ለእናትህ ደውለህ ጠይቃት።

ኤመርሰን፦ (ስልኩን ያወጣል። ያስባል። ይመልሰዋል።) ዛሬ ዛሬ ጎሳ የማይቆጥሩ ሰዎች አሉ።

ዴልበርት፦ አንተ አትቁጠር። እናትህ ትቆጥራለች፤ አክስቶችህ ይቆጥራሉ፤ እሷም ትቆጥራለች። ለእኔም ቆጥራ ነገረችኝ። "ያ ጓደኛህ በአባቱ ጨው ከሆነ የልጅ ልጄ ነው" አለች። ጨው እንደሆንክ የነገርኳት እኔ ነኝ።

ኤመርሰን፦ የልጅ ልጅ? ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ እኮ ነው።

ዴልበርት፦ አያትነት በዘር ነው እንጂ በዕድሜ አይደለም። አያትህ ናት። ልብስህን ዐይታ እንኳን "ይህ ልጅ ይበርደዋል" ብላለች።

(ኤመርሰን ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ማንም ሂድ አላለውም፤ እግሩ ራሱ ነው የወሰደው።)

ኤመርሰን፦ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አልከኝ?

ዴልበርት፦ መቼ ዝም አልኩ? ሰኞ ማታ ስጀምር ስለ ዝናብ ደመና አስተማርከኝ። ማክሰኞ ስጀምር የኔን መፍቻ አያያዝ አረምክ። ዛሬ ሁለት ጊዜ "ቆይ" አልከኝ። ቆየሁ።

ኤመርሰን፦ (ዓይኑ እርጥብ ነው፤ ጢሱ ነው ሊል ይፈልጋል፣ ጢሱ ግን ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል።) አዝኛለሁ ዴልበርት። እውነቴን ነው። ከልቤ አስቤባት ነበር።

ዴልበርት፦ አያለሁ። እኔም አዝኛለሁ።

ኤመርሰን፦ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ካልሆነ ለምንድን ነው የምትመጣው? አስር ሰዓት ትመጣለች ያልከኝ አንተ ነህ።

ዴልበርት፦ ትመጣለች አልኩህ። ለማን ብለህ አልጠየቅከኝም።

(ኤመርሰን ከድንጋዩ ይነሳል።)

ኤመርሰን፦ ለማን?

ዴልበርት፦ አንተ ውጭ ወጥተህ ለባለ ጀልባዎቹ ጀልባ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ስታስረዳ እኔ ውስጥ ፈቃዱን እየፈረምኩ ነበር። ጎሳዬን ጠየቀችኝ። የመራራ ውሃ ጎሳ ነኝ አልኳት። በአራቱም አያት በኩል ቆጠረች፤ አንዘመድም። እንደገና ቆጠረች። ከዚያ የበግ ሥጋ ትወዳለህ ወይ አለችኝ።

ኤመርሰን፦ እና ምን አልክ?

ዴልበርት፦ እስካስብ ድረስ ጠበቀችኝ። (ፊቱ እንደ ገደሉ ቀይ ይሆናል።) ከሚስቴ ወዲያ አስቤ እስክጨርስ የጠበቀኝ ሰው የለም።

(ከወንዙ መታጠፊያ ጀልባ ይወጣል። አንዲት ሴት መቅዘፊያውን ከፍ አድርጋ ሰላምታ ትሰጣለች። ዴልበርት ሊነሳ ይሞክራል፤ ኤመርሰን በእጁ ያስቀምጠዋል።)

ኤመርሰን፦ ተቀመጥ። ሸሚዝህን አስተካክል። ብዙ አታውራ… ምን አልኩ፣ አንተ ደግሞ መቼ ታወራለህ። (እያሰበ ይቆማል፤ ጣቱን ይቆጥራል።) ቆይማ ዴልበርት። እሷ አያቴ ከሆነች… አንተ ደግሞ ካገባሃት…

ዴልበርት፦ ገና ነው።

ኤመርሰን፦ በኔ እድል ገና የሚባል ነገር የለም።

ዴልበርት፦ ለማንኛውም አሁን ዳቦ ያስፈልገናል። ያኛውም ሳጥን ከጀልባው ማረፊያ ይነሳ።

(ኤመርሰን ሁለቱን ሳጥኖች ያያል። ጎንበስ ይላል። የአንዱን ክዳን በጣቱ ከፈት ያደርጋል፤ ያሸታል። ቀስ ብሎ ይዘጋዋል። ፊቱን አዙሮ አንድ ጊዜ ይተነፍስና ሳጥኑን በሁለት እጁ ያቅፈዋል።)

ኤመርሰን፦ ተገኝቷል። ይህን የት ላስቀምጥልዎ፣ አያቴ?

ዴልበርት፦ (ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስብ ይመልሳል፤ ወንበሩ ላይ እየተደላደለ።) ነፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ልጄ። ወዲያ ራቅ አድርገው።