ሦስት ሜትር ወደ ካራማራ

ቢሮ የሚያዛውረው ነገር ሁሉ መንገድ ላይ አንድ ነገር ይጎድለዋል። አስተማሪ ሲዛወር አልጋው ይቀራል፤ ፋይል ሲዛወር ፊርማው ይቀራል። የእኔ ቦታ ሲዛወር ደግሞ አንድ ጥጉ ሊቀር ነበር። ዝም እንድል ነበር የተፈለገው። እኔና ዝምታ መቼ ተዋውቀን!

እዚህ ጅግጅጋ ገበያ በርበሬ እሸጣለሁ። የምጠቀልለው በአሮጌ የተማሪ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ ሳላነበው የሚሄድ ገጽ ግን የለም። የስምንተኛ ክፍልን ደጃፍ ያልረገጥኩ ሴት እስከ ኬሚስትሪ የደረስኩት በዚህ መንገድ ነው። ደንበኛ ቶሎ በይ ሲለኝ፣ ቆይ ገጹን ልጨርስ እለዋለሁ። ምን ያስቸኩላል፣ በርበሬ አይበርድ!

ታዲያ የውሃ መውረጃ ቦይ ሊቆፈር ነው ተባለና የእኛ መደዳ ሦስት ሜትር ወደ ካራማራ ተራራ፣ ሁለት ሜትር ወደ ሰሜን እንዲዛወር ተወሰነ። ይሁን። ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ ቀያሽ ሜትሩን ዘርግቶ የቦታዬን ሦስት ችካሎች ነቅሎ አዛወረ። አራተኛው የሚያርፍበት ላይ ግን የአንድ ኃላፊ ላንድክሩዘር ቆሟል። ሰውዬው መኪናውን አየ፣ ችካሉን አየ፣ ችካሉን እነበረበት ተወው። ገመዱ ሲወጠር፣ አራት በአምስት የነበረው ቦታዬ የተገመጠ ሳምቡሳ ሆኖ ቁጭ!

ምነው ብዬ ብጠይቀው «እማማ፣ አንድ ነጥብ እኮ ናት» አይለኝም! እማማ? ሃምሳ እንኳ ያልሞላኝን! ችካሉን ይቅር ብለው እማማዋን አልምረውም። ጎረቤቴ ሆዳን፣ የግመል ወተት ሻጯ፣ «አባዮ፣ እህቴ፣ ተዪው፤ መንግሥት ነው» ብላ ልትመክረኝ ሞከረች። መንግሥት ከሆነማ ሒሳብ ይወቅ አልኳት።

ከመጠቅለያዎቼ መሃል አንዷን የሒሳብ ገጽ መዝዤ አነበብኩለት። ኮኦርዲኔት ጠለል ላይ አንድ ቅርጽ ሲዛወር፣ እያንዳንዱ ነጥብ እኩል ርቀት፣ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ቅርጹም መጠኑም አይለወጥም። ለሦስቱ ነጥቦች ሦስትና ሁለት ሰጥተህ ለአራተኛው ዜሮና ዜሮ የምትሰጠው በየት አገር ሒሳብ ነው? መጽሐፉ «ላንድክሩዘር ከቆመ በስተቀር» ይላል? ፈልግና አሳየኝ አልኩት። ፈለገ። ምስኪን፣ ገልብጦ ሁሉ ፈለገ።

እኔ ደግሞ አራተኛውን ችካል ነቅዬ፣ መቀመጫ ዱካዬን መኪናው ፊት አድርጌ፣ ችካሌን እንደታቀፍኩ ተቀመጥኩ። ሆዳንም ጀሪካኗን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ ተዪው ያለችኝ እሷ! ሾፌሩ መጥቶ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አለን። ይሰብሰቡ፣ መኪናው ግን ይነሳ አልነው። ከሰዓት በኋላ ተነሳ፤ ችካሌም ቦታዋን ያዘች።

ቀያሹ ሊሄድ ሲል ቀስ ብሎ ገጿን በስልኩ ፎቶ ላንሳ አለኝ። እኔ ቤት ገጽ በነጻ አይወጣም፤ በርበሬ ግዛና ተጠቅልሎባት ትሂድልህ አልኩት። ገዛ።

በማግስቱ የሆዳንን ቦታ ሊቀይስ ሲመጣ፣ ያው ላንድክሩዘር የእሷ ችካል በሚያርፍበት ላይ ተገትሯል። ቀያሹ ከኪሱ በርበሬ ያቀላት ወረቀት አውጥቶ ዘረጋና ሾፌሩን «አንሳው!» አለው፤ ዓይኑ እያነባ፣ እያስነጠሰ። ሾፌሩ የሚያለቅስ መስሎት ደንግጦ ወዲያው አነሳው።

ችካሏ ስትተከል ወደ እኔ ዞሮ «ልክ ነው፣ እትዬ?» አለኝ።

ከእማማ ወደ እትዬ! በሕይወቴ ካየሁት ዝውውር ሁሉ ምንም ያልጎደለባት ይቺ ብቻ ናት።