የአቶ ወዬሳ አራት ድምፅ ማጉያዎች

የትም ከተማ ሂዱ፣ ገበያው ሳይቆም ቀድሞ ገበያ የሚወጣ ሰው አታጡም። ለናዝሬት የደረሷት ክቡር አቶ ወዬሳ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለችው ሙዚቃ ቤታቸው፣ በአራቱ ማዕዘን አራት ድምፅ ማጉያ ሰቅለው፣ መሃል ላይ አንዲት ወንበር አስቀምጠው ዓለምን ይጠብቁ ነበር።

«ዓለም ወደ አራት እየሄደ ነው» ይላሉ። ሙዚቃን ከፊት ብቻ መስማት ቀርቷል፤ ከኋላም ከጎንም ከብቦ የሚመጣ አዲስ ሸክላ ወጥቷል። እርግጥ እሳቸው ዘንድ ያለው እንዲህ ያለ ሸክላ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የፈረንጅ። የእኛ ዘፋኞች በአራት መቅረጻቸው ግን ለእሳቸው የወራት ጉዳይ ነበር። ገበያው የታለ ስንላቸው «መንገድ ላይ ነው» ይሉናል፣ ትናንት ከድሬዳዋ የተነሣ ይመስል።

ገበያውማ በደጃቸው ያልፍ ነበር። አንድ ቀን የሞጆ ሾፌር ካሴት ሊያስቀዳ ገባ።

«መኪናህ ስንት ማጉያ አለው?»

«አንድ፣ ጋሼ። እሱም ይንኮሻኮሻል።»

«እንግዲያው ሦስት ጨምርና ተመለስ።»

ሾፌሩ ማዶ ካለው ሙዚቃ ቤት አስቀድቶ ሄደ። የማዶው ባለሱቅ አንዷን ማጉያውን ደጅ አውጥቶ መንገደኛውን ሲያደነቁር ነው የሚውለው፤ ሱቁም ሰው አይጠፋበትም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደገፋም ብቅ ብለው ማዕዘኖቹን አየት አየት አደረጉና፣ «አቶ ወዬሳ፣ ትርፍ ቤት በተወረሰበት አገር ትርፍ ማጉያ ምን ማለት ነው?» አሉ። ቀልድ ነው ብለን ሳቅን። አቶ ወዬሳ ግን የኋላዎቹን ሁለቱን ለሳምንት በአንሶላ ሸፍነው ሰነበቱ።

ወንበሯ ላይ መቀመጥም ፈተና ነው። «ንቅንቅ እንዳትል! አንገትህን አቅና!» ይባላል። የተቀመጠው ሁሉ «ግሩም ነው» ብሎ ይነሣል፤ «ከኋላህ ምን ሰማህ?» ሲሉት ግን ወደ በሩ ያዘግማል።

በመጨረሻ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዲንቄ መረራቸው። «አንቱ ሰው፣ እሑድ የኋላዎቹን አውርደው ደጅ ይስቀሉልኝ። አለዚያ ሱቁ መዘጋቱ ነው።» አቶ ወዬሳ ሳይከራከሩ መሰላል ሊዋሱ ወጡ። እሳቸው ሳይከራከሩ ሲቀሩ አይቼ አላውቅም ነበር።

እሑድ ከሰዓት ስደርስ መሰላል ላይ ወጥተዋል። ለመሰናበቻ ያህል ሸክላውን አስነሥቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ፒያኖ፣ ከጎኔ ከበሮ። ዜማው አልቆ ሌላው ሊጀምር ሲል፣ ከጀርባዬ አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ሳላስበው ብድግ ብዬ ዞርኩና «ኖር!» አልኩ።

የገባ ሰው የለም። ግድግዳውና ማጉያው ብቻ። የአቶ ወዬሳ ካቻቢቴ ከእጃቸው ወደቀ። ዓይናቸው እንባ እንዳቀረረ፣ ስለ ፈረንጁ ሙዚቀኛ ሆነው፣ በሙሉ ክብር «በእግዚአብሔር!» ብለው መለሱልኝ።

ይህን ከጓዳ የሰሙት ወይዘሮ ዲንቄ ለእንግዳው ሻይ ይዘው ብቅ አሉ። «የታለ እንግዳው?» አቶ ወዬሳ ወደ ማዕዘኑ ጠቆሙ። ነገሩ ሲገባቸው ሻዩ እስኪፈስ ሳቁ። «በሉ ይውረዱ፤ ለደጁ ሌላ አሮጌ ማጉያ እፈልጋለሁ» አሉ።

አራት ድምፅ ያለው ሌላ ሸክላ ናዝሬት አልገባም፤ አገሩን የሞላው ካሴት ነው። እኔ ግን እሑድ እሑድ ከዚያች ወንበር አልጠፋም። ሰውዬው ጉሮሮውን የሚጠርግበትን ቦታ አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሲደርስ ግን እነሣለሁ፤ አቶ ወዬሳ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው እየጠበቁኝ ነዋ።